ላፕቶፕ ግንባር የለውም፦ የሙዚቃ ክበባችን ዓመት

የሙዚቃ ክበባችን ዘንድሮ 14 አባላት ነበሩት። የምንገናኘው ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት ነው። ንብረታችን አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ስፒከር፣ አንድ ማሲንቆና ከድሮው የማርሽ ባንድ የተረፈ ትራምፔት ነው። የመዋጮውን ነገር ለጸሐፊያችን ልተወውና ዓመቱን ሙሉ ስለያዘን ጉዳይ ላውራ።

ነገሩን ያመጣው አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ከስልኩ የዳንስ ሙዚቃ ከፈተልን። ከታች ቢቱ ይደልቃል፣ ከላይ ትራምፔቱ ያብዳል። "ቲቸር፣ ይሄ የየት አገር ነው?" አለኝ። ፈልገን ስናገኘው የሮማ ሙዚቃ ነው። ሮማ ስል የጣሊያኗን ከተማ ማለቴ አይደለም። ከሰሜን ሕንድ ተነስተው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት አውሮፓ የገቡ ሕዝቦች ናቸው። "ጂፕሲ" የሚለውን ስም ብዙዎቹ እንደ ስድብ ስለሚያዩት እኛም አንጠራበትም። በዛሬዋ ሩማንያ ምድር እስከ 1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በባርነት ተይዘው ነበር። ለጌቶቹ ግብዣ የሚጫወቱት ሙዚቀኞችም ጭምር።

ሪሚክሱ፣ ማለትም የተቀዳን ሙዚቃ ከአዲስ ቢት ጋር አዋህዶ መልሶ መሥራቱ፣ ግን የትናንት ነው። ሻንቴል የሚባለው የፍራንክፈርት ዲጄ በአያቶቹ አገር በቡኮቪና (ዛሬ ሩማንያና ዩክሬን የሚካፈሏት) ስም የዳንስ ምሽት ያዘጋጅ ነበር፤ በ2003 (እ.ኤ.አ.) አልበም አወጣበት። በዚያው ሰሞን ደግሞ ክራምድ ዲስክስ የተባለው የብራስልስ አሳታሚ የሮማ ባንዶችን ሥራ ለዲጄዎች ሰጥቶ ሙሉ የሪሚክስ አልበም አሳተመ። ከባንዶቹ አንዱ የሰሜን መቄዶንያዋ ኮቻኒ ከተማ የነሐስ ባንድ (ትራምፔትና መሰሎቹን የሚነፋ) ነው። እኛም የሙጥኝ ያልነው እሱን ነው።

ከነሱ ቾቼክ ለመልቀም ሞከርን። ቾቼክ የባልካን ሮማዎች ጭፈራ ነው። አንዱ ዓይነት በ9 ይቆጠራል። ጠረጴዛ እየመታችሁ ሞክሩት፦ ታታ፣ ታታ፣ ታታ፣ ታታታ። መጨረሻ ላይ ያለችው ትርፍ "ታ" ናት እግር የምታነሳው። ልጆቹ ትራምፔቱን ቀድተው ሶፍትዌሩ ላይ ጫኑት። ሶፍትዌሩ ደግሞ ሲከፈት በ4 ነው የሚቆጥረው። ድራሙ ወዲያ፣ ትራምፔቱ ወዲህ። ሁለት ሰካራም በአንድ በር ሲጋፉ በሉት። አንዱ ልጅ "ዘጠነኛዋን እንቁረጣት" አለ። ቆረጣት። ገጠመ፤ ግን ሞተ። ሦስት ሳምንት ከታገልን በኋላ አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ ቆጠራውን ወደ 9 ቀይራ ድራሙን በየቡድኑ መጀመሪያ ላይ ብቻ አስቀመጠችው። አራት ምት፣ የመጨረሻው ረዘም ያለ። ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

ማሲንቆ የሚጫወተው ልጃችን መጀመሪያ ላይ ኩርፊያ ቢጤ ነበረው። ኋላ ላይ ከሩማንያዋ ዋና ከተማ ከቡካሬስት ደቡብ ምዕራብ ካለችው ክሌዣኒ መንደር ስለነበረው ቫዮሊን ተጫዋች ስለ ኒኮላይ ኒያክሹ ነገርኩት። ሰውየው የፈረስ ጭራ ፀጉር ከቫዮሊኑ ክር ጋር አስሮ በጣቱ እየሳበ ያስጮኸው ነበር። "የፈረስ ጭራ? የኔም እኮ ነው!" ብሎ ማሲንቆውን አነሳ። የሪሚክሳችን መግቢያ የሱ ነው።

ሌላም የሚያገናኘን አገኘን። በባልካን ሠርጎችና በሰርቢያው የጉቻ ትራምፔት ፌስቲቫል ሰዉ ብር አውጥቶ የሙዚቀኛው ላብ ያራሰው ግንባር ላይ ይለጥፋል፤ ትራምፔቱ አፍ ውስጥም ይወትፋል። ልጆቹ "አዝማሪ ቤት ነዋ!" ብለው ሳቁ። ከዚያ አንዷ ጠየቀች፦ "ሪሚክስ ሲሆንስ ብሩ የት ይለጠፋል? ላፕቶፕ እኮ ግንባር የለውም።" በዚህ ሁለት ረቡዕ ተጨቃጨቅን። ዲጄውም ሠርቷል የሚሉ ነበሩ፣ ልክ ናቸው። እኔ ግን የተጫዋቹ ስምና ድርሻ የሌለበት ሪሚክስ ሌብነት ነው ባይ ነኝ። ክበቡ ግማሽ ለግማሽ ተከፍሎ ቀረ።

በሰኔው የወላጆች ቀን ሪሚክሱን አቀረብን። አዳራሹ መጀመሪያ በ4 አጨበጨበና ተደነቃቀፈ፤ ቆይቶ ገባው። የአንዱ ተማሪ አያት 50 ብር ይዘው ብድግ አሉ። ማሲንቆውን አዩ፣ ትራምፔቱን አዩ፣ ስፒከሩን ዞሩት። በመጨረሻ ላፕቶፑ ላይ ያጎነበሰው ልጅ ግንባር ላይ ለጠፉት።

ሲያበቃ ልጁ ብሩን ይዞ መጣ። "ቲቸር፣ ይሄ የማን ነው?"

እስካሁን አልተመነዘረም። ክበቡ መዝገብ ውስጥ በፕላስተር ተለጥፏል፤ ከሥሩ በልጆቹ እጅ "ኮቻኒ" ተብሎ ተጽፏል።