ንጹሕ መርፌና የዲሲ በጀት

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

በዋሽንግተን ዲሲ አደንዛዥ ዕፅ በደም ሥራቸው ለሚወስዱ ሰዎች ንጹሕ መርፌ የሚያድሉ ድርጅቶች ከከተማው በጀት ሊደገፉ አይገባም የሚል አስተያየት በወገኖቻችን መካከል ደጋግሜ ስለምሰማ ይህን ለመጻፍ ተነሣሣሁ።

ተቃዋሚዎቹ ገንዘቡ ሱስን ማደፋፈሪያ ይሆናል ይላሉ። ይሁን እንጂ ከተማችን ያለዚህ ድጋፍ መኖርን ሞክራዋለች። የአሜሪካ ኮንግረስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1998 እስከ 2007 ዲሲ ከነዋሪዎቿ የሰበሰበችውን ግብር ጭምር ለመርፌ ልውውጥ እንዳታውል ከልክሏት ነበር። እገዳው ተነሥቶ ከተማዋ በራሷ ገንዘብ መደገፍ ስትጀምር ግን፣ የጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ስሌት መሠረት፣ በሁለት ዓመት ውስጥ 120 ያህል ሰዎች በኤችአይቪ ከመያዝ ተርፈዋል። የእነዚህ ሰዎች የዕድሜ ልክ ሕክምና ወጪ ቢሰላ ከመርፌው ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

የፌዴራሉ ገንዘብ ይበቃል የሚሉም አሉ። ከ2016 ወዲህ ይህ ገንዘብ ለሠራተኛ ደመወዝ፣ ለተሽከርካሪና ለምርመራ ሊውል ቢችልም መርፌ ሊገዛበት አይፈቀድም፤ መኪናውንና ሾፌሩን ችሎ ጭነቱን እንደ መከልከል ነው። በጁላይ 2025 የወጣው የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ደግሞ የጉዳት ቅነሳ ሥራዎች፣ ማለትም እንደ ንጹሕ መርፌ እደላ ያሉ የዕፅን ጉዳት የሚቀንሱ አገልግሎቶች፣ ከፌዴራል ድጎማ የሚያገኙትን ድርሻ ይበልጥ የሚያጠብብ በመሆኑ፣ የከተማው ገንዘብ ከቀድሞው የበለጠ ያስፈልጋል።

በአገር ቤት በፀረ ኤድስ ክበባት ያለፍን ሰዎች «ስለታም ነገሮችን በጋራ አትጠቀሙ» የሚለውን ትምህርት በቃላችን እናውቀዋለን። ያን ጊዜ ምላጭ ለየብቻ መያዝን ስንማር ጢም መላጨትን አበረታታችሁ ብሎ መምህሩን የከሰሰ አልነበረም። ደግሞም መርፌ ፍለጋ የመጣ ሰው የኤችአይቪና የሄፓታይተስ ሲ ምርመራ፣ ከልክ በላይ ከወሰደ ሕይወቱን የሚያተርፈውን ናሎክሶን፣ ሲፈልግም ከሱስ ለመላቀቅ በሚረዳው መድኃኒት በሜታዶን ወደ መታከም የሚወስደውን መንገድ እዚያው ያገኛል።

የእኛ ቤት ችግር ግን ከገንዘብም ያለፈ ነው። የ2004ቱ የዲሲ የቋንቋ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አማርኛ ተናጋሪዎችን በቋንቋቸው እንዲያስተናግዱ ቢያዝም፣ ልጇ በሱስ የተያዘባት እናት በጣም የምትፈራው ምናልባት ያንኑ አማርኛ የሚናገር አስተርጓሚ ነው፤ እሁድ ቤተ ክርስቲያን፣ ወይም በዕድር ስብሰባ ላይ ታገኘው ይሆናልና። ስለዚህ አስተርጓሚው ፊት ለፊት ሳይሆን በስልክ፣ ከተቻለም ከሌላ ከተማ ቢሆን ይመረጣል።

የከተማው ምክር ቤት የበጀት ስብሰባዎች ለነዋሪ ክፍት ናቸው። የመርፌው መግዣ እንዳይነካና የስልክ ትርጉሙ በአገልግሎት ሰጪዎቹ በጀት ውስጥ እንዲካተት፣ በዲሲ የምንኖር አንባቢዎች ቀርበን እንድንጠይቅ አሳስባለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዋሽንግተን ዲሲ ነዋሪ