የቻሌንጀርን ትዝታ ስታትሙ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጥር በመጣ ቁጥር የአሜሪካዋ የጠፈር መንኮራኩር የቻሌንጀር አደጋ ይነሳል፤ ያኔ ተማሪ የነበሩ ሰዎችም «ስትፈነዳ በቀጥታ አይቻለሁ» ሲሉ ይጠቀሳሉ። ሰባት ሰዎች ያለቁበት ነገር ነውና ቃላቸው ሳይጣራ መታተም የለበትም።

መነሻው ሰዓቱ ነው። መንኮራኩሯ ከፍሎሪዳ የተነሳችው ጥር 20 ቀን 1978 ዓ.ም. በቦታው አቆጣጠር ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ38 ላይ ነበር። ያ ሰዓት በካሊፎርኒያ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38፣ በአዲስ አበባ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ38 ነው። ስለዚህ ተራኪው የት እንደነበረ አስቀድሞ ይጠየቅ።

ቀጥሎ የቴሌቪዥኑ ጉዳይ አለ። በዚያች ደቂቃ ትልልቆቹ የአሜሪካ ጣቢያዎች በቀጥታ አያሳዩም ነበር። ሲኤንኤን ያሳይ ነበር፤ መምህርት ክሪስታ ማክኦሊፍ ስለተሳፈረችም ናሳ ሥርጭቱን በሳተላይት ለትምህርት ቤቶች አድርሶ ነበር። ክፍል ውስጥ የነበረ ልጅ በእርግጥ አይቶ ይሆናል። ቤት የነበረው ግን ያየው ቀኑን ሙሉ ሲደጋገም የዋለውን ምስል ሳይሆን አይቀርም።

ይህ ውሸታም ማለት አይደለም። በኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ኡልሪክ ናይሰርና ኒኮል ሃርሽ በአደጋው ማግስት ተማሪዎችን ወሬውን እንዴት እንደሰሙ አጽፈው፣ ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ቆይተው 44ቱን እንደገና ጠየቁ። መጀመሪያ «ከቴሌቪዥን ሰማሁ» ያሉት 9 ነበሩ፤ በኋላ 19 ሆኑ። ሩብ ያህሉ በዋና ዋናዎቹ ነጥቦች ሁሉ ተሳስተዋል፤ ሆኖም ብዙዎቹ በትዝታቸው እርግጠኞች ነበሩ። የገዛ እጅ ጽሑፋቸው ሲታያቸው እንኳ የቀድሞው ትዝታ አልተመለሰም። እነዚህ አዋቂዎች ናቸው፤ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ የነበረውን አስቡት።

«ፈነዳች» የሚለውም እርማት ይሻል። ሌሊቱ በረዶ ነበር፤ ስትነሳም ሙቀቱ 2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ከሁሉ በቀዘቀዘው የመንኮራኩር ጉዞ እንኳ 12 ነበር። በብርዱ የደረቀው የጎማ ቀለበት በቀኝ ጎን የተገጠመውን ሮኬት መጋጠሚያ መድፈን ስላልቻለ ገና በመጀመሪያው ሰከንድ ጥቁር ጭስ ወጣ። 58ኛው ሰከንድ ላይ ነበልባል ታየ፤ 73ኛው ላይ የነዳጁ ታንክ ፈረሰ፣ መንኮራኩሯንም የአየሩ ግፊት በታተናት። የሠራተኞቹ ክፍል ግን ሳይበታተን ተነጥሎ ወደ ላይ መውጣቱን ቀጠለ፤ ባሕር ላይ የወደቀው መንኮራኩሯ ከተበታተነች ከ2 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ በኋላ ነው። ከተገኙት አራት የአደጋ ጊዜ የአየር መሣሪያዎች ሦስቱ ተከፍተው ነበር፤ ይህም ቢያንስ አንዳንዶቹ ከመበታተኑ በኋላም በሕይወት እንደነበሩ ያመለክታል። ስለዚህ «ወዲያው ሞቱ» የሚል ርዕስ አታውጡ፤ ቤተሰቦቻቸውም ያነቡታል።

ቪዲዮውን ሳታሳዩ በፊት ተራኪውን አስጽፉት፤ ከማን ጋር እንደነበረ፣ ከዚያ በፊትና በኋላ ምን ሲያደርግ እንደነበረ ጠይቁ። የዚያን ጊዜ ደብዳቤ ወይም የትምህርት ቤት ደብተር ካለው ከሁሉ ይበልጣልና አስፈልጉት። ቃሉን ሳትነኩ አትሙ፤ የተጣራውን መረጃ ግን እዚያው ገጽ ላይ፣ ከጎኑ አስቀምጡ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢዎቻችሁ