ነገ ሎፔስ ሜንዴስ ነው

ሰላም የጉዞ ጓደኞች፣

የብራዚሏ ደሴት ኢልያ ግራንዴ ድረስ መጥተን ሎፔስ ሜንዴስ የተባለውን የባሕር ዳርቻ ሳናይ ወደ ሪዮ አንመለስም። ከአብራዎ መንደር በጫካው በኩል 3 ሰዓት ያህል በእግር ይወስዳል። ያልቻለ በጀልባ እስከ ፖውዞ የባሕር ዳርቻ ይሄዳል። ከዚያም ቢሆን 20 ደቂቃ ገደማ ዳገትና ቁልቁለት አለ፤ ከእግር ጉዞ ማምለጫ የለም!

ሸራ ጫማ አድርጉ። እኔ ባለፈው በነጠላ ጫማ ሄጄ ጭቃው ላይ ተዘርሬያለሁ። የጫማዬ አንዱ እግር እዚያው ቀርቷል።

አሸዋው እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ ሲረግጡት ሲጥ ሲጥ ይላል። ማዕበሉ ግን ቀልድ አያውቅም። ዋና የማይችል ከጉልበቱ በላይ አይግባ።

ውሃና ምሳ ከመንደሩ ያዙ። የመጨረሻው ጀልባ ስንት ሰዓት እንደሚመለስ ስትሳፈሩ ጠይቁ። ካመለጣችሁ ጫካውን በጨለማ ነው የምታቋርጡት።