ሞቆ የጠበቀ ሞተር አይገዛ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር፣ ለከተማ መመላለሻ ያገለገለ ሞተር ሳይክል ሊገዛ የሚመጣ ወጣት መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙንና የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ነው። ቀለም በአንድ ቀን ይቀባል፤ የቆጣሪው ገመድ ከተነቀለም ቁጥሩ ባለበት ይቆማል። ቆጣሪው 12 ሺህ እያለ የማርሽ መርገጫው ጎማ ተልጦ ብረቱ ከታየ፣ መታመን ያለበት መርገጫው ነው። ቦክሰር፣ አፓቼ፣ ያማሃ 125 እና እነሱን የመሰሉ ልባስ የሌላቸው ትንንሽ ሞተሮች ሁለመናቸው በግልጽ ስለሚታይ፣ ምን መመልከት እንዳለበት ያወቀ ሰው በቀላሉ አይታለልም። ይህን ደብዳቤ እንድታወጡልኝ የምጠይቀውም ለዚህ ነው።

ሻጩ ሞተሩን ሳያስነሳ እንዲጠብቅ አስቀድሞ ይነገረው። ጠዋት ሲደርሱ እጅን ወደ ሲሊንደሩ አስጠግቶ ሙቀቱን ማየት ነው፤ ሞቆ ከጠበቀ ለሌላ ቀን መቅጠር ይሻላል። ያረጀ ሞተር ሕመሙን የሚናገረው ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው። የቫልቮላ ጎሚኒው (ዘይት የሚያግደው ላስቲክ) ያለቀ እንደሆነ ሌሊቱን ዘይት ወደ ውስጥ ሲንጠባጠብ ያድራል፤ ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ይተፋና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይጠራል። አስቀድሞ የሞቀ ሞተር ይህን አያሳይም። ሰማያዊው ጭስ ሳይጠፋ ነዳጅ በተሰጠው ቁጥር እየጨመረ ከሄደ ግን ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም ሲሊንደሩ አልቋል፤ ይህ ሞተር የሚያስወርድ ሥራ ስለሆነ ወጪው ከዋጋው ላይ ካልተቀነሰ መተው ነው። ጥቁር ጭስ የቤንዚን መብዛት ምልክት ስለሆነ ያን ያህል አያስደነግጥ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ ከቆላ የመጣ ባለካርቡራተር (ቤንዚንና አየር መቀላቀያ ያለው) ሞተር እዚህ ቤንዚን ይበዛበትና ካንዴላው (እሳት ጫሪው) ይጠቁራል። ጂግለሩን (ቤንዚን የሚያሳልፈውን ባለቀዳዳ ቁራጭ) በአነስተኛ በመቀየር ይስተካከላል። በዚሁ በአየሩ መሳሳት ጉልበትም ስለሚቀንስ፣ ሰው ጭኖ ዳገት ለሚወጣ ከ125 ሲሲ ይልቅ 150 ይሻለዋል፤ ለባሕር ዳር ሜዳ 125ቱ ይበቃል።

ካቴናውን (ሰንሰለቱን) ከኋላው ኮሮና (ባለጥርሱ ክብ ብረት) በስተመጨረሻው ጫፍ ላይ ይዞ ወደ ኋላ መሳብ ነው። ከጥርሱ ተላቅቆ የጥርሱ ግማሽ ከታየ አልቋል። ጥርሶቹ ወደ አንድ ወገን ተጋድመው እንደ መንጠቆ ከሾሉም እንዲሁ። ካቴናን ብቻ መቀየር አይበጅም፤ ያረጀው ኮሮና አዲሱን ካቴና ቶሎ ይበላዋል። ካቴና፣ ኮሮናና ፒኞን (የፊቱ ትንሹ ባለጥርስ) አብረው ነው የሚቀየሩት።

ጎማ ላይ ከጎን በኩል አራት አሃዝ ይገኛል። 2319 ከሆነ በፈረንጆች 2019፣ በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው፤ በእኛ ግንቦት 2011 መጨረሻ አካባቢ። ጥርሱ ያላለቀ ጎማም ካረጀ ጎኑ ይሰነጠቃል፣ በዝናብ ኮብልስቶን ላይም ያዳልጣል። የፊት ፎርኬላው (የፊቱን ጎማ የያዙት ሁለት ዘንጎች) ላይ የዘይት ዱካ መኖሩንም ማየት ነው። ፍሪሲዮኑ (የሞተሩን ኃይል ከማርሹ ጋር የሚያገናኘው ክፍል) የሚፈተሸው ደግሞ ዳገት ላይ በ3ኛ ማርሽ ነዳጅ በመስጠት ነው፤ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ የፍሪሲዮኑ ሸራ አልቋል።

ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው የሚከስረው ግን በወረቀቱ ነው። የሻንሲው (የአካሉ ብረት) ቁጥር መሪው በሚሽከረከርበት አንገት ላይ፣ የሞተሩ ቁጥር ደግሞ በሞተሩ አካል ላይ ተቀርጿል። ጭቃውን ጠርጎ፣ ስስ ወረቀት አስደግፎ በእርሳስ ማሸት ነው፤ ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ ይወጣል። ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ ይነጻጸር። አካባቢው ተሞርዶ ከሆነ፣ ፊደሎቹ እኩል ካልተሰለፉ ወይም ከሌላው የሻንሲ ክፍል የተለየ ትኩስ ቀለም ከተቀባ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ አይነካ።

ሊብሬው በሻጩ ስም መሆኑም ይታይ። ሞተር በውክልና ላይ ውክልና እየተላለፈ ሦስትና አራት እጅ ያልፋል። ውክልና ግን ወካዩ በፈለገ ጊዜ የሚሽረው ነገር ነው፤ ወካዩ ከሞተም ያከትማል፤ ያን ጊዜ ገዢው ስም ለማዛወር ከወራሾች ጋር ይጓተታል። ስለዚህ በሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ሰው ራሱ ውልና ማስረጃ ቀርቦ ይፈርም፤ ከዋጋው ከፊሉም ስም ተዛውሮ እስኪያልቅ በገዢው እጅ ይቆይ። ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ካለፈ ደግሞ የማሳደሻው ወጪ ከዋጋው ላይ ይነሳ።

ደላሎች "ሌላ ሰው ሊወስደው ነው፣ ቶሎ በል" እያሉ ያጣድፋሉ። ጠዋት ቀዝቅዞ እንዲነሳና ቁጥሩ እንዲታሽ የማይፈቅድ ሻጭ ሲያጋጥም ቀብድ ሳይሰጡ መመለስ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሞተር ሳይክል ጥገና ባለሙያ፣ ከደብረ ማርቆስ