ለ9ኛ እና ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች፦ ስለ አልጎሪዝም ክበባችን

የተከበራችሁ ወላጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ልጆቹ ማክሰኞና ሐሙስ እስከ 11 ሰዓት ለምን እንደሚቆዩ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። «ማትሪክ ላይ ለማይመጣ ነገር ምን ያለፋቸዋል?» ያላችሁኝም አላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነውና ልመልስ።

አልጎሪዝም ማለት አንድን ችግር ደረጃ በደረጃ የመፍቻ መንገድ ነው። ቃሉ የመጣው በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድ ከሠራው የሒሳብ ሊቅ፣ ከአል ኸዋሪዝሚ ስም ነው። ለመጀመር ኮምፒውተር አያስፈልግም። እስካሁን የተጠቀምነው እርሳስና ወረቀት ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት ያየሁትን ልንገራችሁ። መምህሩ በውጭ የሒሳብ መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዣ» የሚባለውን ዘዴ አስተማሩ። 13 እንቁላል፣ አንዱ በ24 ብር። በግራ በኩል ትራፊውን እየተዉ ማጋመስ ነው፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1። በቀኝ በኩል እጥፍ ማድረግ፦ 24፣ 48፣ 96፣ 192። በግራ ተጋማሽ ቁጥር ያለበት ረድፍ ይሰረዛል። ስለዚህ ከ6 ጎን ያለው 48 ተሰረዘ። የቀሩት ሲደመሩ 312 ብር።

ልጆቹ ወዲያው ለመዱት። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ግን «ቆይ፣ 48ን ለምንድን ነው የምንሰርዘው?» አለች። መምህሩ አልነገሯትም።

ሐሙስ 13 ጠጠር ይዛ መጣች። ሁለት ሁለት አድርጋ ደረደረቻቸው። ስድስት ጥንድ ሆነና አንድ ተረፈ። የእሱን 24 ብር ለብቻ ያዘች። ስድስቱን ጥንድ አራት አራት ስታደርጋቸው ሦስት ሆኑ፣ ምንም አልተረፈም። «ያልተረፈ ነገር ምኑ ይደመራል!» አለች። ከሦስቱ ሁለቱን ስታገናኝ ስምንት ሆነ፤ አንዱ አራት ተረፈ፣ 96 ብር። ስምንቱ ደግሞ 192። በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ ደስታዋ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ቀመር የሸመደደ ልጅ ጥያቄው ትንሽ ሲቀየርበት ግራ ይገባዋል። ይህች ልጅ ግን የፈለጋችሁትን ቁጥር ብትሰጧት አትደናገጥም። ማትሪክ ላይም የሚያስፈልገው ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ልጃችሁ አንድ ጥያቄ ላይ ረጅም ሰዓት ቢያፈጥ «ሰነፈ» አትበሉት፤ መልሱን የሚነግረው አስጠኚም ቶሎ አትጥሩለት። «ስንት አገኘህ?» ከማለት ይልቅ «እንዴት አሰብከው?» በሉት። ባይገባችሁም አስጨርሱት። ለእናንተ ሲያስረዳ ስህተቱን ራሱ ያገኘዋል።

መመልከት የምትፈልጉ ሐሙስ በ10 ሰዓት ብቅ በሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
ርዕሰ መምህር