ፎቶው ላይ ያለውን ልጅ በስሙ አውቀዋለሁ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበራዊ ሕይወት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ደሜ ፈላ። ሁለተኛ ያነበብኩት ተሳስቼ እንዳይሆን ብዬ ነው። አልተሳሳትኩም። ተማሪዎች ጫት ቤት ተቀምጠው ከሚታዩበት ፎቶ ስር በጉልህ ተጽፏል፦ «ከግቢው አጥር ውጪ ተማሪውን በስሙ የሚጠራው ሰው የለም።»

በሌላው አልከራከርም። ስለ ዶርም መጨናነቅ የጻፋችሁት ልክ ነው። ስለ ካፌ ምግብም ልክ ናችሁ፤ ልጆቹ ራሳቸው ከዚያ የባሰ ሲሉ እሰማለሁ። ይቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳችኝ። ሐሰት ናት። ሐሰት መሆኗን ለማወቅ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም ነበር። ጋዜጠኛችሁ ሱቄ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ከዋናው ግቢ በር አጠገብ ኮፒ ቤት አለኝ። ከከፈትኩት ዘንድሮ 17 ዓመቱ ነው። ጋዜጠኛው የመጣው ማክሰኞ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ነው። ስልኩ ባትሪ ጨርሶበት ነበር። «ማዘር፣ ትንሽ ቻርጅ ላድርግ?» አለኝ። ወንበር ሰጠሁት፣ ሶኬቱን አሳየሁት። 40 ደቂቃ ያህል ተቀመጠ። በዚያ 40 ደቂቃ ውስጥ ስንቱን ልጅ በስሙ ጠራሁ። አንዷን «ሪሰርችሽ ነገ ተጠርዞ ይደርሳል» አልኳት። አንዱን «ሬፓችሁ ሀንዳውቱን አምጥቷል፣ ለጓደኛህም ይዘህለት ሂድ» አልኩት፤ ሬፕ የሚሉት የክፍል ተወካያቸውን ነው። አንዱ የሰኞ ዕዳውን ከፈለኝና ስሙን ከደብተር ሰረዝኩ። ይህ ሁሉ እሱ አጠገብ ነው የሆነው። ሊወጣ ሲል አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «እዚህ አካባቢ ተማሪ የሚበዛበት ጫት ቤት የት ነው?»

አሳየሁት። የተደበቀ ነገር አይደለም። ማሳየቴ አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ ሌላ ምንም አለመጠየቁ ነው።

ኮፒ ቤት ምን እንደሆነ ግቢ ገብቶ የወጣ ሰው ያውቀዋል። መምህሩ ሀንዳውቱን ለሬፑ ይሰጣል። ሬፑ እኔ ጋ ያስቀምጠዋል። ከዚያ የክፍሉ ልጅ በሙሉ በኔ በኩል ያልፋል። አሁን አሁን ሶፍት ኮፒው በቴሌግራም ይላካል። ቢሆንም ፈተና ሲደርስ ወረቀት ላይ ካላሰመሩበት አይገባቸውም፤ ፍላሻቸውን ይዘው ይሰለፋሉ። ገንዘብ ያለው ይከፍላል። ከቤት ያልተላከለት በዱቤ ይወስዳል። የዱቤ ደብተሬ ላይ ስም አለ፣ የብሎክ ቁጥር አለ፣ የዶርም ቁጥር አለ። ፍሬሽ ሆነው ሲገቡ በሙሉ ስማቸው እጽፋለሁ። ሁለተኛ ዓመት ላይ በቁልምጫቸው ነው። አንድ ልጅ ተመርቆ በሄደ በሦስተኛ ዓመቱ ከአሶሳ ደወለልኝ። «ማዘር፣ 86 ብር አለብኝ፣ በቴሌብር ልኬልሻለሁ» አለኝ። እኔ ዕዳውን ረስቼዋለሁ። ድምፁን ግን እንደሰማሁ ለየሁት።

የምረቃ ሰሞን ደግሞ ሥራዬ ስም ነው። የሪሰርቹ ሽፋን ላይ ስማቸውን በወርቃማ ቀለም እጽፋለሁ። አንድ ዓመት የአንዲት ልጅ የአባት ስም ላይ አንድ ፊደል ገደፍኩ። ሽፋኑ ታትሞ አልቋል። ልጅቷ «ግድ የለም፣ ይሁን» አለችኝ። እኔ ግን አፍርሼ እንደገና ሠራሁት፣ በራሴ ወጪ። የሰው ስም ነው። አባትየው ለምረቃ ከሩቅ መጥቶ ያንን ሽፋን ይዳብሳል። እኔ በአንድ ፊደል ስህተት ሽፋን አፍርሻለሁ። እናንተ የዚያን ሁሉ ልጅ ስም በአንድ መስመር ስትሰርዙ አንድ ሰው እንኳ «እስኪ ጠይቀን እናረጋግጥ» አላለም?

የጂሲዎችን፣ የተመራቂዎቹን መጽሔትም አይታችሁት አታውቁም ማለት ነው። ከፎቷቸው ስር «ላስት ወርድ» የሚሉት አለ። ለኅትመት ከመሄዱ በፊት ብዙዎቹ ረቂቁን እኔ ጋ ነው የሚያስተይቡት። ስንቱን ተይቤያለሁ። እናታቸውን ያመሰግናሉ። የዶርም ልጆቻቸውን በየተራ ይጠራሉ። ከዚያ ግን የከተማው ሰው ይመጣል። በር ላይ ጀበና የምታፈላዋ አለች። ማታ አምሽተው ሲመለሱ በነጻ ያደረሳቸው ባለባጃጅ አለ። ሲታመሙ አጥሚት ይዛ የመጣች የኮቺ ሰፈር እናት አለች። የእነዚህንም ስም በጣቴ ተይቤዋለሁ። ልጆቹ የከተማውን ሰው በስም ያመሰግናሉ። የከተማው ሰው እነሱን በስም እንዳያውቅ ምን ይከለክለዋል?

ጽሑፋችሁ ዩኒቨርሲቲው በ1992 እንደተቋቋመ ይጠቅስና «ከተማዋ ተማሪ ገና አለመደችም» ይላል። 1992 ልክ ነው። ያ ግን የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ የተዋሃዱበት ዓመት ነው። የጤናው ኢንስቲትዩት እንደ ፈረንጆች በ1983 ነው የተከፈተው። የግብርናው ትምህርት ቤት ደግሞ በዚያው በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1952 ጀምሮ አለ። አባቴ ፈረንጅ አራዳ ልብስ ሰፊ ነበር። የግብርና ተማሪዎችን ሱሪ ሲያሳጥር፣ ሲጠግን ነው እኔን ያሳደገኝ። ልኬታቸውን የሚጽፍባት ደብተር ላይ ስማቸው ነበር። ይህች ከተማ ከ70 ዓመት በላይ ከተማሪ ጋር ኖራለች። ያለመደችው ከየት መጥቶ ነው?

በዚህ ዩኒቨርሲቲ ላይ ጽፋችሁ ሲቢቲፒን፣ ተማሪዎቹ ማኅበረሰቡ ውስጥ ገብተው የሚማሩበትን ፕሮግራም፣ አለማንሳታችሁም ገርሞኛል። ዩኒቨርሲቲው መፈክሩ «እኛ ማኅበረሰቡ ውስጥ ነን» ነው። መፈክር ብቻ አይደለም፣ ትምህርቱ እንደዚያ ነው። ተማሪዎቹ በቡድን ተከፍለው ወደ ቀበሌዎችና በዙሪያው ወዳሉ ከተሞች ይላካሉ። ወረቀት ይዘው ቤት ለቤት ይገባሉ። እኔም ቤት ገብተዋል። ስንት ሰው ይኖራል? ውኃ ከየት ትቀዳላችሁ? ሽንት ቤት አለ? ልጆቹ ተከትበዋል? መጀመሪያ ደስ አላለኝም። ሰው ቤት ገብቶ ሽንት ቤት አሳዩኝ ይባላል ወይ አልኩ። በዓመቱ ተመልሰው መጡ። ያጠኑትን ነገሩን። ከሰፈራችን ወጣቶች ጋር ሆነው የቆሻሻ ጉድጓድ ቆፈሩ። አካፋ ይዞ የማያውቅ ልጅ ሁሉ እጁ ውኃ ቋጠረ። ምሳ አበላናቸው። ያንን ቀን የቆፈሩት ስድስት ልጆች ሰፈራችን ውስጥ እስካሁን በስም ይነሳሉ። የጤና ተማሪዎቹማ የመጨረሻ ዓመታቸው ላይ አጋሮና አሰንዳቦ ድረስ ሄደው ጤና ጣቢያ ይሠራሉ፣ እዚያው ይኖራሉ። የኔን ቤተሰብ ቆጥሮ የሄደን ልጅ ነው «የሚያውቀው የለም» የምትሉኝ።

ማኅበራዊ ሕይወት ብላችሁ ከጻፋችሁ እኮ ብዙ ነገር ነበረላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቄ በር ላይ ቡና ይፈላል። ሴቶቹ ይመጣሉ። ማን ማንን ጠበሰ፣ የትኛው መምህር ፈተና ያከብዳል፣ ማን ኤ አገኘ፣ ሁሉም እዚያ ይወራል። በጽሑፋችሁ ውስጥ አንዲት ሴት ተማሪ አልተናገረችም። የግቢ ጉባኤው፣ የጀመዓው፣ የፌሎሺፑ የፕሮግራም ወረቀት ሁሉም እኔ ጋ ይታተማል፤ አንዳንዴ በአንድ ቀን። ለኢድ ጎረቤቴ ተማሪ ጠርታ ታበላለች። ለገና እኔ እጠራለሁ። ከመቀሌ፣ ከጎጃም፣ ከሐዋሳ የመጣ ልጅ ዓመት ሳይሞላው ባለባጃጁን «አካም ጅርታ» ይለዋል። በ2010 ጅማ አባ ጅፋር የሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ተማሪውና የከተማው ልጅ መንገድ ላይ ተቃቅፎ ሲጨፍር አይቻለሁ። የግቢ ማሊያ ከአባ ጅፋር ማሊያ ጋር ተደባልቆ ማን ምን እንደሆነ አይለይም ነበር።

አሁን ወደ ፎቶው ልምጣ። ዋናው ነገር እሱ ነው።

ጫት የለም አልልም። ጅማ ነው፣ ጫት በዙሪያችን ይበቅላል። ፈተና ሲደርስ «ለማጥናት» ብለው የሚቅሙ አሉ። ከዚያ መውጣት የሚያቅታቸውም አሉ። እንደ እናት ያሳስበኛል፣ ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ። ብትጽፉበት አልቃወምም። የቀሪዎቹን ፊት አደብዝዛችሁታል። በስተቀኝ ያለው ልጅ ግን ፊቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከስሩ ነው «የሚጠራው ሰው የለም» ያላችሁት።

ያንን ልጅ በስሙ አውቀዋለሁ። እዚህ አልጽፈውም። እናንተ ፊቱን ያወጣችሁት ይበቃዋል። ሦስተኛ ዓመት ነው። እሁድ ጠዋት የሰፈራችንን ልጆች ሰብስቦ ሒሳብ ያስጠናል። ክፍያ አይቀበልም። የመጨረሻው ልጄ ስምንተኛ ክፍልን ያለፈው በሱ ነው። ጋዜጣው በወጣ ማግስት ሱቄ መጣና ምንም ሳያስኮፒ ቆመ። ፎቶው እናቱ ጋ ደርሷል። አንድ የአገሩ ሰው በስልክ ፎቶውን ልኮላታል። ደውላ አልተቆጣችውም። «በላህ ወይ?» ብላ ብቻ ዘጋች። ከተቆጣችኝ ይሻል ነበር አለኝ። ያንን እሁድ ልጆቹን አላስጠናም። ልጆቹ ደብተራቸውን ይዘው መጥተው ተመለሱ።

ፈቃዱን ጠይቃችኋል? እኔ ጠይቄዋለሁ፤ ማንም እንዳልጠየቀው ነግሮኛል። የአንድ ሰዓት ፎቶ የአንድ ልጅ አራት ዓመት ነው ብሎ ማውጣት ልክ አይደለም። እናንተ ስሙን ስላላወቃችሁ ስም የለውም ማለት አይደለም።

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ያቺን ዓረፍተ ነገር አስተካክሉ። ልጁን ይቅርታ ጠይቁት፤ ፎቶውን ባወጣችሁበት ገጽ ላይ፣ በዚያው መጠን። አድራሻውን ከፈለጋችሁ እሱን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ተማሪዎች ወደየቤታቸው ሲላኩ ብዙዎቹ ሻንጣቸውን በሙሉ መያዝ አልቻሉም። 11 ሻንጣ እኔ ጋ ቀረ። እንዳይቀላቀል ብዬ በእያንዳንዱ ላይ ስም በማርከር ጻፍኩ። በሳምንት አንዴ አቧራውን እጠርግ ነበር። ግቢው ሲከፈት 10ሩን ባለቤቶቹ ወሰዱ። አንዷ ግን አልተመለሰችም። ስልኳ አይሠራም። ጓደኞቿን ጠየቅኩ፣ እነሱም አላገኟትም። ሻንጣዋ ዛሬም መደርደሪያው ላይ ነው፣ ስሟ በትልቁ ይነበባል። ጋዜጠኛችሁ ስልኩን ቻርጅ ሲያደርግ የተቀመጠው ከሱ ስር ነበር።

የኮፒ ቤት ባለቤት፣ ከጅማ