ግልጽ ደብዳቤ፦ ሐኪሙ ያተረፈው ጉልበት ወረቀት ሲጠብቅ ታጥፎ ቀረ

ይድረስ፦ የሰው ሠራሽ እግርና እጅ ማመልከቻዎችን መርምሮ ለሚያጸድቀው መሥሪያ ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ በታኅሣሥ፣ በየካቲትና በግንቦት በመዝገብ ቤትዎ ላስገባኋቸው ሦስት አቤቱታዎች አንድም መልስ ስላላገኘሁ ነው። የገቢ ቁጥራቸውና ማኅተማቸው በእጄ ይገኛል። እኔ በምሥራቅ ጎጃም በአንድ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ፤ የምጽፍለት ልጅ ደግሞ የታላቅ ወንድሜ ልጅ ነው። ዕድሜው 12 ዓመት ነው።

ልጁ ባለፈው ነሐሴ ከባሕር ዛፍ ላይ ወድቆ ቅልጥሙ ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ብሎ ተሰበረ። የሰፈር ወጌሻ በቀርከሃ ስንጥቅ አጥብቆ አሰረው። እግሩ እያበጠ ሲሄድ ማሰሪያው ስላልላላ የደም ዝውውሩ ተቋረጠ፤ በአራተኛው ቀን ወደ እኛ ሲመጣ እግሩ ቀዝቅዞና ጠቁሮ ነበር። ከዚያ በኋላ የሚያድነው ነገር አልነበረም።

እዚህ ላይ ሐኪሙ ስላደረገው ነገር ጥቂት ልዘርዝር፤ የጠፋው ነገር ምን እንደሆነ ያለዚህ አይታወቅም። ከጉልበት በላይ ቢቆርጥ ኖሮ ሥራው በቶሎ ያልቅለት፣ ቁስሉም በቀላሉ ይድንለት ነበር። እርሱ ግን ጉልበቱን ለማትረፍ ሲል ከባዱን መንገድ መረጠ። በመጀመሪያው ቀን የሞተውን ክፍል ብቻ አስወግዶ ቁስሉን ሳይሰፋ ክፍት ተወው፤ ኢንፌክሽኑ መጥራቱን ካረጋገጠ በኋላ ልጁን ዳግመኛ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል አስገብቶ ትክክለኛውን ጉቶ ሠራ። የቅልጥሙን አጥንት የፊት ጠርዝ ቆዳውን እንዳይወጋ አለሰለሰው፤ ቀጭኑን አጥንት ከእርሱ ትንሽ አሳጠረው፤ ነርቮቹን ቀስ ብሎ ሳብ አድርጎ በስለት በመቁረጥ ወደ ሥጋው ውስጥ ተመልሰው እንዲገቡ ተዋቸው፤ በላይ ቀርተው ሰው ሠራሹ እግር በተጫናቸው ቁጥር ያሠቃያሉና። በመጨረሻም ደም የሚበዛበትን የባቱን ሥጋና ቆዳ ከኋላ ወደ ፊት አምጥቶ የአጥንቱን ጫፍ አለበሰው። እኔ አጠገቡ ቆሜ መሣሪያ አቀብል ነበር።

ይህ ሁሉ ድካም ለአንድ ጉልበት ነው። ከጉልበቱ በታች የተቆረጠ ሰው ሰው ሠራሽ እግር አድርጎ ሲራመድ ከጤነኛ ሰው አንድ አራተኛ ያህል ብቻ የበለጠ ኃይል ያወጣል፤ ከጉልበቱ በላይ የተቆረጠው ግን ከግማሽ በላይ የበለጠ ይደክማል። ትምህርት ቤቱ ከአንድ ሰዓት በላይ በእግር ለሚያስኬደው የገጠር ልጅ ይህ ልዩነት በመማርና በቤት በመቀመጥ መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ቁስሉ በጥቅምት ወር ሙሉ በሙሉ ዳነ። ጉቶውን ከታች ጠበቅ፣ ወደ ላይ ላላ እያደረግን በፋሻ በመጠቅለል እብጠቱን አውርደን ቅርጹን አስይዘነው ነበር። ለሰው ሠራሹ እግር ልኬት የሚወሰድበት ጊዜ ያ ነበር፤ ማመልከቻውም በዚያው ወር ደረሳችሁ።

መሥሪያ ቤትዎ ማመልከቻውን በኅዳር መለሰው። ምክንያቱ የልጁ አያት ስም በሆስፒታሉ ወረቀት ላይ በሀሌታው «ሀ»፣ በቀበሌው ወረቀት ላይ ደግሞ በብዙኃኑ «ኀ» መጻፉ ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት የኔታ ፊት ተቀምጬ ነው፤ ሀሌታውን ከብዙኃኑ ማምታታት ምን እንደሚያስከትል በልጅነቴ ተምሬዋለሁ፣ የፊደልን ክብርም አውቃለሁ። ነገር ግን በሁለቱም ወረቀቶች ላይ የአንዱ ልጅ ፎቶግራፍ ተለጥፏል፣ የሆስፒታሉም የካርድ ቁጥር ተጽፏል፤ ልጁ ራሱም በአንድ እግሩ መስኮታችሁ ፊት ቆሟል። ስሙን አስተካክሎ አዲስ ደብዳቤ ለማምጣት፣ መንገዱ የተዘጋባቸው ሳምንታት ተጨምረው፣ ሁለት ወር ፈጀብን። በጥር ስንመለስ አጽዳቂው ኮሚቴ አባላቱ ስላልተሟሉ አልተሰበሰበም ተባልን። ይህንኑ መልስ በየካቲትም በመጋቢትም ሰማን። ፈቃዱ የወጣው በሚያዝያ መጨረሻ ነው።

በእነዚያ ወራት ልጁ መደብ ላይ ጉልበቱን አጥፎ ይውላል። እናቱ ጉቶው ሲያመው አንጀቷ አልችል እያለ ጋቢ አጣጥፋ ከጉልበቱ ሥር ታደርግለት ነበር። ይህን እንዳታደርግ፣ ጉልበቱን ዘርግታ እንድታስተኛው፣ በቀን ጥቂት ጊዜ በሆዱ እንዲተኛ ነግሬያታለሁ፤ በሄድኩ ቁጥር ጋቢውን አነሣለሁ፣ ስመለስ ግን እዚያው አገኘዋለሁ። እናት ናት፤ አልፈርድባትም። ጉልበትን ቀጥ አድርጎ የሚያኖረው ዋናው ነገር መራመድ ነው፣ መራመጃው ደግሞ እናንተ ዘንድ ነበር።

በግንቦት ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን ባሕር ዳር ደረስን። የአካል ድጋፍ ባለሙያው ጉቶውን በሁለት እጁ ዳስሶ በጣም ጥሩ ሥራ መሆኑን ነገረን። ከዚያ እግሩን ሊዘረጋ ሞከረ፤ ቋንጃው አጥሯል። ጉልበቱ 35 ዲግሪ ያህል ታጥፎ አልዘረጋ አለ። በዚህ ላይ ሶኬት፣ ማለትም ጉቶው የሚገባበት የሰው ሠራሹ እግር ክፍል፣ ቢሠራ ልጁ ቀጥ ብሎ ሊቆምበት እንደማይችል፣ በቅድሚያ በየጊዜው በሚቀየር ጀሶና በፊዚዮቴራፒ መቃናት እንዳለበት፣ ካልሆነም ሌላ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልገው አስረዳን። ልጁ ሁሉንም እየሰማ ነበር። ሲወጣ የጠየቀኝ፣ «አጎቴ፣ እንደገና ይቆርጡኛል?» ብሎ ነው።

ክቡር ኃላፊ፣ ሕጉን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲያቋቁምና እንዲረዳ ማዘዙን፣ አገራችን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 26 የተሐድሶ አገልግሎት በተቻለ መጠን ገና በመጀመሪያው ደረጃ መጀመር እንዳለበት ማዘዙን ላስታውስዎ አይገባኝም ነበር። ሰባት ወር የመጀመሪያ ደረጃ አይደለም። አቅም አነሰ የሚል ምክንያት ቢሰጠኝ እረዳ ነበር፤ እግሩ የሚሠራበት ፕላስቲክም ባለሙያውም ነበሩ፣ የጎደለው ፊርማ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ፈቃዱ በ30 ቀን ውስጥ ሥራ ላይ ስላልዋለ ተሰርዟል፣ እንደ አዲስ አመልክቱ ተብለናል። ይህን የጻፈልን ሰው ያንን ጉልበት አይቶት እንደሆነ መጠየቅ እፈልጋለሁ። ልጁ እያደገ ነው፤ ቢሳካልን እንኳ አጥንቱ ሲረዝም ሶኬቱ ይጠበዋል፣ በልጆች ላይ የአጥንቱ ጫፍ ራሱ አድጎ ቆዳውን የሚገፋበት ጊዜም አለ። በየጊዜው ልንመለስ ነው። በየጊዜው ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ልንጠብቅ ነውን?

የምጠይቀው ትንሽ ነው። የሆስፒታሉ ደብዳቤ ቁስሉ መዳኑን ካረጋገጠ ልኬቱ ይወሰድ፣ ወረቀቱ ጎን ለጎን ይሂድ። ለልጆች የሚሠራ ሶኬትም ጉቶውን በጠበበው ጊዜ ይቀየር።

የወንድሜ ልጅ የጀሶ ሕክምናውን ባለፈው ሳምንት በራሳችን ወጪ ጀምሯል፤ ጉልበቱ እስከ ትናንት 7 ዲግሪ ተዘርግቷል። ባለሙያው በዚህ አያያዝ በሁለት ወር ውስጥ ለልኬት እንደሚደርስ ነግሮናል። አዲሱ ማመልከቻ ሰኞ ዕለት ከጠረጴዛዎ ላይ ደርሷል፤ የአያቱ ስም በሁሉም ወረቀቶች ላይ በብዙኃኑ «ኀ» ተጽፏል። ይፈርሙበት።

የልጁ አጎት፣ ነርስ
ምሥራቅ ጎጃም